ከመቃብር የወጣ ፈረስ፤ ስለ ጥንታዊው ባለ ሦስት ቀለም ሸክላና ስለ ዛሬ ወራሾቹ

ከቻይና ለሥራ ጉብኝት የመጡ እንግዶች ያበረከቱት አንድ የሸክላ ፈረስ በአንድ መሥሪያ ቤት የእንግዳ መቀበያ ክፍል በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ቁመቱ ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ጀርባውና ጎኑ የማር መልክ ባለው ቢጫና በለምለም አረንጓዴ ልባስ ያብለጨልጫል። አንደኛው የፊት እግሩ ተነሥቷል፤ አፉ ተከፍቷል፤ ጋማው ነፋስ እንደሚበትነው ሆኖ ተቀርጿል፤ የልጓሙና የመርገፉ ጌጥ ደግሞ በወርቅማ ቀለም ተቀብቷል። ከበታቹ ያለው ጽሑፍ «ጥንታዊ የቻይና ጥበብ» ይላል። ጉዳዬ ቶሎ የሚፈጸም ባለመሆኑ በተመላለስኩ ቁጥር ከዚህ ፈረስ ጋር ብዙ ሰዓት አሳልፌአለሁ። ወረፋ ጠባቂ ለሐያሲነት የሚበቃ ጊዜ አያጣም።

ለመሆኑ ይህ ፈረስ ጥንታዊ የሆነው በምኑ ነው? የተሠራው በቅርቡ እንደ ሆነ ያበረከቱትም አልደበቁም። ቅርጹ የጥንቱን ይመስላል፣ ግን አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ጥንታዊነቱን የሚመሰክርለት ቀለሙ ብቻ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ቀለምን በመውሰድ ብቻ ቅርስን መውረስ ይቻላል ወይስ አይቻልም የሚለው ይሆናል። ይህ የአንድ መሥሪያ ቤት ጌጥ ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሥነ ጥበብ መምህራን በየክፍሉ፣ ከያንያን በየስቱዲዮው፣ የባህል ሠራተኞች በየስብሰባው «ከቅርሳችን እንነሣ» ሲሉ ምን ማለታቸው እንደ ሆነ አጥርቶ ለማየት ከሩቅ አገር የመጣ ፈረስ ሊረዳን ይችላል።

የዚህን ፈረስ አባቶች ያስገኘው የምድር ባቡር ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከካይፈንግ ወደ ሉኦያንግ የሚወስደው ሐዲድ ሲዘረጋ መስመሩ ከሉኦያንግ በስተሰሜን ያለውን የማንግሻንን ኮረብታ ነካ። ኮረብታው ለብዙ ዘመናት የመኳንንትና የሹማምንት መቃብር ነበር። ቆፋሪዎቹ ፈረስ፣ ግመል፣ ጠባቂ አውሬና የሰው ምስል አወጡ። የመቃብር ዕቃ ወደ ቤት ማስገባት መጥፎ ዕድል ያመጣል ተብሎ ይታመን ስለ ነበር በመጀመሪያ ዋጋ የሰጣቸው ሰው ጥቂት ነው። በኋላ ግን የቤጂንግ ሊቃውንትና የውጭ አገር ነጋዴዎች ዐይናቸውን ጣሉባቸው፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም በአውሮፓና በአሜሪካ ሙዚየሞች ውስጥ የታንግ ፈረስ የሌለበት የቻይና ክፍል ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ምስሎቹ የተሠሩት ከ618 እስከ 907 በነገሠው በታንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን ነው፤ ምርጦቹ ደግሞ በአብዛኛው ከ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ አንሥቶ የአን ሉሻን ዓመፅ እስከ ፈነዳበት እስከ 755 ድረስ ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው። ከዚያ በኋላ አገሩ ደቀቀ፤ መኳንንቱም እንደ ቀድሞው ሀብት ይዘው መቀበር አልቻሉም።

ቻይናውያን ይህን ዓይነት ሸክላ «ሳንትሳይ» ይሉታል፤ ሦስት ቀለም ማለት ነው። ስሙን ያወጡት የኋለኛ ዘመን ሰዎች ናቸው። ቀለሙ አንዳንድ ጊዜ ሁለት፣ አንዳንድ ጊዜ አራትና አምስት ይሆናል፤ ሆኖም አረንጓዴ፣ ቢጫማ ቡኒና ነጭ ከሁሉ ይበዛሉ። ቀለሞቹ እንዴት እንደሚወለዱ ሳያውቁ ስለ ውበታቸው መናገር ግጥምን ዜማው ሳይሰማ እንደ መተቸት ስለ ሆነ በዚህ ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል።

ሸክላ ሠሪው የሚጠቀመው ነጣ ያለ አፈር ነው። የፈረሱ ገላ በፎርማ ሁለት ግማሽ ሆኖ ይወጣል፤ ራሱና እግሮቹ ለየብቻ ይወጡና በእርጥብ ጭቃ ይያያዛሉ። ውስጡ ባዶ ነው። ከአንድ ፎርማ የወጡ ሁለት ፈረሶች አንዱ አንገቱን ወደ ግራ ሲያዞር ሌላው ወደ ታች ሊያጎነብስ ይችላል፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው ከፎርማው በኋላ የሚመጣው እጅ ነው። ከዚያ ወደ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ በሚደርስ ሙቀት ይተኮሳል። ከእቶን የሚወጣው ደረቅና ነጭ ፈረስ ገና ቀለም የለውም። በዚህ ላይ ከእርሳስ ማዕድንና ከነጭ ድንጋይ ዱቄት የተበጠበጠ ልባስ፣ የሥነ ጥበብ ተማሪዎቻችን «ግሌዝ» የሚሉት፣ ይቀባል። መዳብ የገባበት አረንጓዴ፣ ብረት የገባበት እንደ መጠኑ ከቢጫ እስከ ጥቁር ቡኒ፣ ኮባልት የገባበት ሰማያዊ ይሆናል። ከእነዚህ ሁሉ ብርቁ ሰማያዊው ነው። ፈረሱ ወደ 900 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ሁለተኛ ሲተኮስ እርሳሱ ልባሱን እንደ ማር ያቀልጠዋል፤ ይፈስሳል፤ አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር ይገናኛል፤ በሁለቱ ድንበር ላይ ማንም ያልበጠበጠው ሦስተኛ ቀለም ይወለዳል።

የሚፈስስ ቀለም የሚፈስስበትን ቦታ ግን ሠሪው ያውቃል። ልባሱ በፈረሱ ጀርባ ላይ ወፈር ብሎ፣ በሆዱ አካባቢ ሳስቶ ይቀባል። ኮቴው አጠገብ ሲደርስ ይቀራል፤ ምክንያቱም እስከ መቆሚያው ከፈሰሰ ፈረሱ ከእቶኑ ወለል ጋር ተጣብቆ ይሰበራል። ነጭ ሆኖ መቅረት ያለበት ቦታ አንዳንድ ጊዜ ሰም ይቀባል። ልባሱ በሰሙ ላይ አይዝም፤ ሰሙ በእሳት ተቃጥሎ ይጠፋል፤ በቦታውም ነጭ አበባ ወይም ነጭ ነጠብጣብ ይቀራል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ሰሙ የሚቀልጠው ወርቁ እንዲታይ ነውና። ከዚህ በላይ ያለው ሥራ የእሳት ነው። ሸክላ ሠሪው እቶኑን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ሲከፍተው የሚያየው ግማሹን ያዘዘውን፣ ግማሹን ያላዘዘውን ነው።

እዚህ ላይ የኪነ ጥበብ ሂስ ብዙ ጊዜ የሚያልፈው አንድ ነገር አለ። ልባሱ የእርሳስ ነው፤ እርሳስ መርዝ ነው። በእንዲህ ዓይነት ልባስ በተለበጠ ሳሕን ላይ ኮምጣጣ ምግብ ቢቀመጥ እርሳሱ ወደ ምግቡ ይገባል። ያ ደማቅ አረንጓዴ በሰፊው የዋለው ለመቃብር ዕቃ መሆኑን ከዚህ ጋር ማያያዝ ይቻላል፤ ሙታን አይበሉም። የፈጨውና የበጠበጠው ሰው ግን በሕይወት ያለ ሰው ነበር። በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ዝነኛ የምስሎች ስብስብ የሊዩ ቲንግሹን መቃብር ዕቃ ነው ተብሎ ይታወቃል፤ ሊዩ የጦር አለቃ ሲሆን በ728 በ72 ዓመቱ እንደ ሞተ ከመቃብሩ ጽሑፍ እናውቃለን። ሙገሳውም ተጽፎለታል። የፈረሶቹን ልባስ የፈጨው ሠራተኛ ስንት ዓመት እንደ ኖረ፣ ስሙም ማን እንደ ነበረ የጻፈ የለም።

የሊዩ ቲንግሹን ስብስብ 13 ምስሎች አሉት፤ ከእነርሱም መካከል ሁለት ፈረሶች፣ ሁለት ግመሎችና ሦስት ፈረስና ግመል ሳቢዎች ይገኙበታል። ረጅሙ ምስል ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል። ይህ ቁመት ለብቻው አንድ ታሪክ ይናገራል። የታንግ መንግሥት ሕግ ለሟች የሚቀበረውን ምስል ብዛት በማዕረግ ወስኖ ነበር፤ ከሦስተኛ ማዕረግ በላይ ላለው 90፣ ከአምስተኛ በላይ ላለው 60፣ እስከ ዘጠነኛ ላለው 40። የፈረሱና የሰው ምስል ቁመትም አንድ የዘመኑ ጫማ፣ ማለትም 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ እንዲሆን ታዝዞ ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ የተቀበረው ጄኔራል ግን እንዲህ ያለ ሠራዊት ይዞ ወርዷል። ሕግ አውጪውና ሕግ ጣሹ ከአንድ መደብ በሆኑበት ኅብረተሰብ ይህ የሚያስገርም አይደለም። የሚያስገርመው ይህ ሁሉ ድምቀት የተዘጋጀው በር ተዘግቶበት ዳግመኛ ማንም እንዳያየው መሆኑ ነው። ቀብር ተከታዮች በሰልፍ ሲያልፍ አይተውት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ግን ጨለማ ነው። ዛሬ ሙዚየም ውስጥ በኤሌክትሪክ መብራት የምናደንቀው ቀለም ከ1,100 ዓመት በላይ ያለ ተመልካች የኖረ ቀለም ነው።

የፈረስ ሳቢዎቹን ፊት አስተውላችሁ እንደ ሆነ አንድ እንግዳ ነገር ታያላችሁ። ፈረሱ ከጆሮው እስከ ጭራው በመስተዋታማ ልባስ ተሸፍኖ ሲያበራ የሰውየው ልብስ ብቻ ይለበጣል፤ ፊቱና ራሱ ልባስ የለባቸውም። ፊቱ ከእቶን ከወጣ በኋላ በቀዝቃዛ ቀለም ይሣል ነበር፤ ያም ቀለም በአፈር ውስጥ ተቀርፎ አልቋል። ስለዚህ የፈረሱ ዐይን ዛሬም ይበራል፤ የሰውየው ቅንድብና ከንፈር ጠፍተዋል። ለዚህ ፈጥኖ የመደብ ትርጉም መስጠት ይቀላል፤ ባላባቱ ፈረሱን ከፈረስ ጠባቂው አስበልጦ ይወድ ነበር ማለት ይቻላል። እኔም በመጀመሪያ እንዲሁ ብዬ ነበር። ነገሩ ግን ከእጅ ሥራው ይነሣል፤ የሚፈስስ ልባስ ዐይንና ከንፈርን ያጠፋቸዋል፤ የሹሙም የእመቤቲቱም ፊት እንደ ሎሌው ፊት ያለ ልባስ የቀረው ስለዚህ ነው። ሐያሲ ከመፍረዱ በፊት እቶኑን መጠየቅ አለበት። ውጤቱ ግን ያው ነው፤ ፈረሱ ሲቀር ሰው ደብዝዟል።

አሁን ወደ ፈረሱ ቅርጽ እንምጣ። የጥንቱ ፈረስ በአብዛኛው ይቆማል። አራት እግሩን በጠፍጣፋ መቆሚያ ላይ ተክሎ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ጆሮውን አቁሞ ይጠብቃል። ጋማው አጥሮ ተከርክሟል፤ ጭራው ተቋጥሯል። ደረቱ ሰፊ፣ እግሩ ቀጭን ነው፤ ታንጎች ከምዕራብ፣ ከመካከለኛው እስያ፣ በብዙ ዋጋ ያስመጡት የነበረው ዘር ነው። ፈረስ ለዚያ መንግሥት ምን ያህል ነገር እንደ ነበረ ከቁጥሩ ይታወቃል፤ በ7ኛው መቶ ዓመት የመንግሥት ፈረሶች 706,000 ደርሰው እንደ ነበር የዘመኑ ጽሑፍ ይናገራል። ንጉሠ ነገሥት ታይዞንግ በጦር ሜዳ የተቀመጣቸውን ስድስት ፈረሶች በመቃብሩ በጃኦሊንግ በድንጋይ አስቀርጿቸዋል፤ አራቱ በሺአን፣ ሁለቱ በአሜሪካ በፊላደልፊያ ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው ስም ነበራቸው። ባለፈረሱ በፈረሱ ስም «አባ ታጠቅ» ወይም «አባ ዳኘው» እየተባለ በሚጠራበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ከድንጋዮቹ ፈረሶች አንዳንዶቹ ፍላጻ ተሰክቶባቸው ይሮጣሉ፤ ሳሉዚ የተባለውም አንድ የጦር አለቃ ፍላጻውን ከደረቱ ሲነቅልለት ይታያል። የሸክላዎቹ ፈረሶች ግን ስምም ቁስልም የላቸውም፤ ሥራቸው መጠበቅ ብቻ ነው።

ይህ መቆም ነው ቀለሙን የሚያስፈልገው። ቅርጹ ረጋ ስላለ የሚንቀሳቀሰው ልባሱ ነው። ጸጥ ባለ ጎን ላይ አረንጓዴው ሲወርድ ከቆዳው በታች ደም የሚሄድ ይመስላል። በአማርኛ ዳማ፣ ቡላ፣ አምባላይ፣ ጉራቻ እያልን የፈረስን መልክ እንለያለን፤ ከእነዚህ ውስጥ አረንጓዴ የለም። ጥንታዊው ሠሪም ይህን ያውቃል፤ በምርጦቹ ሥራዎች ላይ የፈረሱ ገላ ዳማ ወይም አምባላይ ይሆንና አረንጓዴው በአብዛኛው ለኮርቻው ልብስና ለመርገፉ ይሰጣል። በ1981 በሉኦያንግ አካባቢ ተቆፍሮ የተገኘው ጥቁር ፈረስ ደግሞ ፊቱ፣ ጋማው፣ ጭራውና ኮቴው ብቻ ነጭ ሆነው ሌላው ገላው በጥቁር ልባስ የተሸፈነ ነው። ከማውቃቸው የታንግ ፈረሶች ሁሉ እርሱን አስበልጣለሁ። ቀለም የተትረፈረፈለት ሰው በሁለት ቀለም መቆየቱ የጌታ ሥራ ነው። ጨዋታ የወደዱም አልጠፉም፤ በ723 የተቀበረው የሺየንዩ ቲንግሁዊ መቃብር በ1957 ሲቆፈር የተገኘው ግመል በጀርባው ላይ አምስት ሰዎች ጭኖ፣ አራቱ ሲጫወቱ አንዱ ሲጨፍር ይታያል። እንዲህ ያለውን ግመል ያየ ሰው የለም፤ ይሁን እንጂ ግመሉ ራሱን ቀና አድርጎ ሲያገሣ ሸክሙን ያሳምናል።

አሁን የመሥሪያ ቤቱን ፈረስ መመርመር እንችላለን። በማንግሻን አካባቢ በምትገኘው በናንሺሻን መንደር የጥንቶቹን ምስሎች መጠገንና መቅዳት ሞያ ከሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የሉኦያንግ ባለ ሦስት ቀለም ሸክላ አሠራርም በ2008 በቻይና ብሔራዊ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ከዚያ የሚወጡ ጥሩ ቅጂዎች አሉ፤ ቅጂ መሆናቸውን ከሚነግሩን ጋር ጠብ የለኝም፤ መቅዳት መማር ነው። በሉኦያንግ ካሉ ከያንያን አንዳንዶቹም ፈረሱንና ግመሉን ትተው ልባሱን ለብቻው በግድግዳ ሰሌዳ ላይ ያፈስሱታል፤ ይህም ሐቀኛ መንገድ ነው፤ ከጥንቱ የወሰዱት የእሳቱን ጠባይ ነውና።

የእኛው ስጦታ ግን ከሁለቱም አይደለም። የሚዘል ፈረስ ላይ የሚፈስስ ቀለም አድርጎበታል። ቅርጹም ይሮጣል፣ ቀለሙም ይሮጣል፤ ዐይን የሚያርፍበት ቦታ አያገኝም። የአረንጓዴው ጅረቶች በግራም በቀኝም እኩል ርዝመት አላቸው፤ የወረዱበትም ቦታ የቅርጹ ጉብታ ወይም ጎድጓዳ አይደለም፤ እንዲወርዱ የታዘዙበት ነው። አረንጓዴው ፊቱን ሳይቀር ይዞታል። በላዩ የተጨመረው ወርቅማ ቀለም ደግሞ እሳት አላየም። ሠሪው ጥንታዊ መልክ ፈልጎ ጥንታዊውን ሥጋት ፈርቷል። ከእቶኑ የሚጠብቀው አዲስ ነገር አልነበረውም፤ እቶኑም ያዘዘውን ብቻ መለሰለት። ይህን የምለው ሠራተኛውን ለመንቀፍ አይደለም፤ በቀን ይህን ያህል ፈረስ አውጣ የተባለ ሰው አደጋን ሊወድ አይችልም። ነቀፌታዬ እንዲህ ያለውን ቅርስ ብለን በመስተዋት ሣጥን ለምናስቀምጠው ነው።

ይህን ስል የራሳችንን ገበያ ረስቼ አይደለም። የአገራችን ባህላዊ ሸክላ ልባስ አያውቅም፤ ቀይነቱም ጥቁረቱም ከአፈሩ፣ ከእሳቱና ከጭሱ ይወለዳል። ሸክላ ሠሪዋን «ቡዳ» እያልን ስንሸሻት ኖረን በጀበናዋ ቡና ጠጥተናል። በጎንደር አጠገብ በወለቃ የቤተ እስራኤል ሴቶች ይሠሯቸው የነበሩት ትናንሽ የሸክላ አንበሶች ለቱሪስት የተሠሩ ቢሆኑም እሳት ያወጣቸው መልክ ነበራቸው፤ ሠሪዎቻቸው አብዛኞቹ እስከ 1991 ድረስ ወደ እስራኤል ሄደዋል። በቅርቡ በአዲስ አበባ የስጦታ ሱቆች ያየኋቸው የሸክላ እንስሳት ግን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ የዘይት ቀለም ተቀብተው በላያቸው ቫርኒሽ ተደፍቶባቸዋል። እንደ ተለበጠ ሸክላ እንዲያብለጨልጩ ታስቦ ነው። አንዱን አንሥቼ በጥፍሬ ብጭረው ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩም እሳት በሚገባ አጥቁሮት የነበረ ጥሩ ሸክላ ወጣ። ወጣት ቀራጺዎቻችን ልባስ መማር ከፈለጉ ይማሩ፤ እርሳስ የሌለበት ልባስ አሁን አለ፤ ነጭ አፈርም በአገራችን አለ። መጀመሪያ ግን የእናቶቻቸውን ጭስ ቢመረምሩ ከቫርኒሹ የተሻለ ጥቁር ያገኛሉ።

ባለፈው ሳምንት ጉዳዬ ስላለቀ ፈረሱን ለመጨረሻ ጊዜ ለማየት ፈልጌ ጸሐፊዋን ሣጥኑን እንድትከፍትልኝ ለመንኳት። «ጋሼ፣ ከወደቀ እኔ ነኝ የምጠየቀው» አለች፤ ሆኖም ከፈተችልኝ። ገልብጬ አየሁት። በሆዱ ሥር፣ ማንም ያያል ተብሎ ባልታሰበበት፣ የቡሩሹ እጅም በተቻኮለበት ቦታ፣ ቢጫውና አረንጓዴው ሳይታዘዙ ተገናኝተው የወይራ ቅጠል የመሰለ፣ ስም የሌለው ቀለም ሠርተዋል። የአውራ ጣት ጥፍር ታህል ይሆናል። ጸሐፊዋም ጎንበስ ብላ አየችና «ይቺስ ታምራለች» ብላ ሣጥኑን ቆለፈችው።